በሁለት ሰው ጭንቅላት ውስጥ ያለ ኩባንያ፦ ጥያቄና መልስ

የዚህ ሳምንት ጥያቄዎች በሙሉ የመጡት የሕክምና መሣሪያ ከሚሠሩ ስታርታፖች ነው። መሣሪያው ሠርቷል፣ ገንዘብ ተገኝቷል፣ ሰው እየተቀጠረ ነው። ከዚህ በኋላ ምን ማወቅ እንዳለባቸው ይጠይቃሉ።

ጥያቄ፦ ስድስት ሆነን ጀምረን ዘንድሮ ሃያ ልንሆን ነው። ስለ መሣሪያው አብዛኛውን ነገር የሚያውቁት ሁለት መሐንዲሶች ናቸው። አዲሶቹ ከመግባታቸው በፊት ምን እንጻፍ?

ምክንያቱን ጻፉ። መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራ ከንድፉም ከኮዱም ማንበብ ይቻላል። ቫልቩ ለምን ሁለት እንደሆነ፣ ማንቂያው ለምን በ10 ሰከንድ እንደሚጮህ፣ የመጀመሪያው ፕላስቲክ ለምን እንደተጣለ ግን የትም አይገኝም። ሰውየው ሥራ ሲለቅ አብሮት ይሄዳል።

ቴራክ-25 የተባለውን የጨረር ሕክምና መሣሪያ ታሪክ ለሚቀጠር መሐንዲስ ሁሉ እንድትነግሩ እለምናችኋለሁ። ከ1985 እስከ 1987 እ.ኤ.አ. ድረስ 6 ሕሙማን ከታዘዘላቸው እጅግ የበዛ ጨረር ተለቅቆባቸዋል፤ የሞቱም አሉ። ከእሱ በፊት የነበረው ቴራክ-20፣ ነገር ሲበላሽ ጨረሩን የሚያግድ ከሶፍትዌሩ ውጭ የሆነ መቆለፊያ ነበረው። በቴራክ-25 ጥበቃው ለሶፍትዌሩ ተተወ። ሶፍትዌሩ ደግሞ በከፊል ከቀድሞዎቹ ሞዴሎች የተወረሰ ነው። ስህተቱ በቴራክ-20ም ውስጥ ነበረ፤ መቆለፊያው እየያዘው ጉዳት ስላላደረሰ ግን የጠረጠረ አልነበረም። ከዚያ አንዲት ሥራዋን የለመደች ኦፕሬተር የጨረሩን ዓይነት «ኤክስሬይ» ብላ ያስገባችውን በ8 ሰከንድ ውስጥ ወደ «ኤሌክትሮን» አረመችው። ማሽኑ እርማቱን በትክክል አልተቀበለም። ስክሪኑ ላይ የወጣው «ማልፈንክሽን 54» (ብልሽት 54) የሚል ብቻ ነበር፤ ትርጉሙ በኦፕሬተሮች መመሪያ ላይ አልተብራራም። እንዲህ ያለ መልእክት ብዙ ጊዜ ስለሚወጣ ቀጥል የሚለውን ተጫነች።

መቆለፊያውን ያነሣ ሰው «ይህ ቢነሣ በሽተኛው ምን ይሆናል?» የሚል ወረቀት ፊቱ ቢኖር ኖሮ ብዬ ዛሬም አስባለሁ። አይኤስኦ 14971 የተባለው የስጋት አያያዝ ደረጃም ከኩባንያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ለእያንዳንዱ ትልቅ ውሳኔ አንድ ገጽ ይበቃል፦ ምን ወሰንን፣ ምን አማራጭ ጣልን፣ ብንቀይረው ማን ይጎዳል፣ ማን ፈረመ። ሁለቱን መሐንዲሶች «ጻፉ» ብቻ ብትሏቸው ግን አይጽፉም፤ ሥራ በዝቶባቸዋል። አዲስ ገቢውን አጠገባቸው አስቀምጡት፤ እሱ እየጠየቀ ይጻፍ፣ እነሱ ያርሙ።

ጥያቄ፦ የፈቃድና የቁጥጥር ጉዳይ ባለሙያ አሁን እንቅጠር ወይስ ምርቱ ካለቀ በኋላ? ባለሀብታችን «መጀመሪያ ምርቱ» ይለናል።

አሁን ቅጠሩ። አቅም ካነሰ በሳምንት አንድ ቀን የሚመጣ አማካሪ ይሁን። ሥራው የሚጀምረው ከአንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ መሣሪያው ለየትኛው በሽተኛ፣ ለምን ዓላማ፣ በማን እጅ ይውላል? «የልብ ምት ይመዘግባል» እና «የልብ ምት መዛባትን ለይቶ ያሳውቃል» የሚባሉት ሁለት ምርቶች ሴንሰራቸው አንድ ሊሆን ይችላል። ለተቆጣጣሪው ግን የተለያዩ መሣሪያዎች ናቸው፤ የሚጠየቀው ማስረጃም ይለያያል። ሽያጭ ክፍል ማስታወቂያ ላይ የሚጨምራት አንዲት ቃል መሣሪያው በስጋቱ መጠን የተሰጠውን ምድብ ልትለውጥ ትችላለች። የአውሮፓ ኅብረት ከግንቦት 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው ደንብ ብዙ የሕክምና ሶፍትዌሮች ወደ ከፍተኛ ምድብ ስለወጡ፣ «እኛ ሶፍትዌር ብቻ ነን» ማለት አያድንም።

ባለሀብቱን ደግሞ ይህን ንገሩት፦ የንድፍ መዝገብ ሥራው ሲሠራ የሚያዝ እንጂ በኋላ የሚሞላ አይደለም። ያልተደረገ ግምገማን ዛሬ መፈረም ሐሰት ነው።

ጥያቄ፦ በራሳችን ሙከራ 98 በመቶ ትክክል ሆነናል። ሐኪሞች ግን አሁንም ያመነታሉ። ምን ቀረን?

98 በመቶው በእነማን ላይ ተለካ? ፐልስ ኦክሲሜትርን አስቡ። ብርሃን በቆዳ ውስጥ አሳልፎ በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካ፣ በመላው ዓለም የታመነ መሣሪያ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት መሣሪያው ከ92 እስከ 96 በመቶ ካነበበላቸው ሕሙማን መካከል የደም ምርመራው ከ88 በመቶ በታች ሆኖ የተገኘው በጥቁሮቹ 11.7 በመቶ፣ በነጮቹ 3.6 በመቶ መሆኑን አሳየ። አማካይ ቁጥር እንዲህ ያለውን ነገር ይሸፍናል። ውጤታችሁን በዕድሜ፣ በቆዳ ቀለም፣ በክብደት፣ በሕመም ደረጃ ከፋፍላችሁ አሳዩ፤ የደከማችሁበትን አትደብቁ። ሐኪም ድክመቱን የነገረውን ሰው ያምናል።

ሌላው ክፍሉ ውስጥ የሚሆነው ነው። አንድ ሌሊት ከተረኛ ነርስ አጠገብ ቆሜ ነበር። ጓንቷ ርሷል፤ ስክሪኑ ጣቷን አልሰማ አለ። አንዴ ነካችው፣ ሁለቴ ነካችው፣ በመጨረሻ ጓንቱን አውልቃ ነካችው። ወደ በሽተኛው ለመመለስ ሌላ ጓንት ስትፈልግ ሳጥኑ ባዶ ነበር። ይህ ሁሉ በየትኛውም የትክክለኛነት ሠንጠረዥ ላይ አይወጣም። መሐንዲሶቻችሁን በሌሊት ፈረቃ ላኳቸው።

ጥያቄ፦ ኮንፈረንስ ላይ ስለ ፈጠራችን እንድናቀርብ ተጋብዘናል። ፓተንት ገና አላመለከትንም።

መጀመሪያ አመልክቱ። በአውሮፓ ከማመልከቻው በፊት በአደባባይ የተነገረ ነገር ለፓተንት የሚጠየቀውን አዲስነት ያጣል፤ አሜሪካ የአንድ ዓመት እፎይታ ትሰጣለች፤ በእሱ ግን አትተማመኑ።

ጥያቄ፦ ሐኪም ነኝ፣ የመሠረትኩትም እኔ ነኝ። አሁን የደንበኛ አገልግሎት ቡድን ስላለን የተጠቃሚ ቅሬታ ወደ እኔ አይደርስም። ችግር አለው?

አለው። ከሽያጭ በኋላ የሚመጣ ቅሬታ ኩባንያዎ በነጻ የሚያገኘው ትልቁ እውቀት ነው፤ እርስዎ ደግሞ የሕክምና ትርጉሙን የሚያነቡት ሰው ነዎት። የደንበኛ አገልግሎት ሠራተኛ «የተጠቃሚ ስህተት» ብሎ ይዘጋዋል። በሦስት ሆስፒታል ያሉ ሦስት ነርሶች ያንኑ ቱቦ በተሳሳተ ቀዳዳ ከሰኩት ግን ጥፋቱ የቀዳዳው ነው። በአፍንጫ ለሚሰጥ ምግብ የተዘጋጀ ቱቦ ከደም ሥር መስመር ጋር እንዳይገጥም አይኤስኦ 80369 የተባለ ደረጃ የወጣው ሰዎች በእንዲህ ያለ መሳሳት ስለሞቱ ነው።

«የተጠቃሚ ስህተት» ተብለው የተዘጉትን የመጨረሻዎቹን 20 ቅሬታዎች ያስወጡና ከመሐንዲሶቹ ጋር አንድ ላይ ያንብቧቸው። ሞት ወይም ከባድ ጉዳት የሚያስጠረጥር ካገኙ ስብሰባ አይጠብቁ። ለተቆጣጣሪው የማሳወቂያው ቀን መቆጠር የሚጀምረው ኩባንያው ካወቀበት ዕለት ነው፤ ሠራተኛዎ ስልኩን ያነሣ ዕለት ኩባንያው አውቋል።