ፓሪሽ ካውንስል ቤተ ክርስቲያን አይደለም፤ ሄደሽ ተቀመጪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። የዛሬ ስድስት ዓመት እኔም ይቺኑ ደብዳቤ ይዤ ወጥ ቤት ቆሜ ነበር።

ሌሎች እንዲከተሉን ያልሽውን በአጭሩ ልድገመው። ከለንደን ወጥታችሁ ገጠር መንደር ከገባችሁ አራት ወር ሆኗችኋል። የካውንስል ታክስ (ለአካባቢው አስተዳደር የሚከፈለው የቤት ግብር) ደብዳቤው ላይ ፓሪሽ፣ ደብር እንደ ማለት ነው፣ የሚል ክፍያ አየሽ። "እኛ ኦርቶዶክስ ነን፣ ለእነሱ ቤተ ክርስቲያን ለምን እንከፍላለን?" አልሽ። ደግሞ ከቤታችሁ ኋላ ያለው ሜዳ ላይ ቤት ሊሠራ ነው የሚል ወረቀት ምሰሶ ላይ ተለጥፏል። ስብሰባቸው ላይ ብሄድ "መጤ ምን አገባት" አይሉኝም ወይ ነው ጥያቄሽ። ረዘም አድርጌ ነው የምመልስልሽ፤ ቡናሽን አፍልተሽ አንብቢው።

መጀመሪያ ገንዘቡ። ለቤተ ክርስቲያን አይሄድም። ድሮ ሁለቱ አንድ ነበሩ። የመንደሩን ጉዳይ የሚያየው በደብሩ ስር የሚሰበሰብ ሸንጎ ነበር። በፈረንጆቹ 1894 የወጣ ሕግ ለያያቸው። የዓለሙ ጉዳይ ሕዝብ ለሚመርጠው ፓሪሽ ካውንስል ተሰጠ፣ የእግዜሩ ጉዳይ እዚያው ቀረ። በነገራችን ላይ ያ ሕግ ባል ያላቸው ሴቶችም እንዲመርጡና እንዲመረጡ ፈቅዷል። ለፓርላማ ለመምረጥ ገና ከሃያ ዓመት በላይ ሲቀራቸው ማለት ነው።

ስሙ ግን እስከ ዛሬ ያምታታል፤ ቤተ ክርስቲያኑም በፓሪሽ ስም የሚጠራ የራሱ ጉባኤ አለውና። እኔ ራሴ ስለጠፋ የመንገድ መብራት ረጅም ኢሜይል ጽፌ የላክሁት ለቄሱ ነው። ሰውየው ጨዋ ናቸው፣ የትክክለኛዋን ጸሐፊ አድራሻ መልሰው ላኩልኝ። እስካሁን መንገድ ላይ ሲያገኙኝ "መብራቱስ?" ይሉኛል።

ለንደን ሳለሽ ይህን አለማየትሽ አይግረምሽ። በ1963 የወጣው የለንደን ሕግ እዚያ ፓሪሽ ካውንስል እንዳይኖር አደረገ። በ2007 እንደገና ተፈቀደ፣ ግን ያቋቋመው ሰፈር ኩዊንስ ፓርክ ብቻ ነው፤ እሱም በ2014። ከለንደን ውጭ ግን በእንግሊዝ 10,000 ገደማ አሉ።

ስብሰባና ካውንስል ሲባል ለኛ ሰው ቶሎ የሚመጣለት ቀበሌ ነው። ቀበሌ ብለሽ ከሄድሽ ትሳሳቻለሽ። የሚቀርበው ለእድር ነው። አባላቱ ጎረቤቶችሽ ናቸው። ጡረታ የወጣ መምህር፣ ገበሬ፣ የመጠጥ ቤቱ ባለቤት፣ አንድ ሁልጊዜ የሚቆጣ ሰውዬ። አብዛኞቹ አምስት ሳንቲም አይከፈላቸውም። የሚከፈላት ጸሐፊዋ ናት፣ ክለርክ የሚሏት። እሷም በሳምንት ጥቂት ሰዓት ነው የምትሠራው፣ ግን ሕጉን የምታውቀው እሷ ናት። ከእድር የሚለየው መዋጮው ላይ ነው። እዚህ አልከፍልም ብሎ መውጣት የለም፤ ከካውንስል ታክሱ ጋር ተደምሮ ይመጣል። ፕሪሴፕት ይሉታል። እኛ ቤት ባለፈው ዓመት 74 ፓውንድ መጥቷል። በዚያ ብር የልጆች መጫወቻው ኢንሹራንስ ይከፈላል፣ ሣር ይታጨዳል፣ የመቃብር ቦታው ይጠበቃል፣ የጸሐፊዋ ደሞዝ ይወጣል። ቀዩ የስልክ ሳጥንም የእነሱ ነው። ከስልክ ኩባንያው ከቢቲ በ1 ፓውንድ ገዝተውት አሁን ልብ ለቆመበት ሰው የሚሆነው መሣሪያ ተቀምጦበታል። ገንዘቡ የት እንደገባ ማየት ከፈለግሽ መብትሽ ነው። በየዓመቱ ለ30 የሥራ ቀናት ሒሳባቸውን ለሕዝብ ክፍት ማድረግ አለባቸው፣ የሐምሌ (ጁላይ) መጀመሪያ ሳምንታት ሁልጊዜ በዚያ ውስጥ ናቸው።

ሥልጣናቸው ግን ትንሽ ነው። የኛ ሰው የሚናደደው እዚህ ላይ ነው። ከእነሱ በላይ ዲስትሪክት፣ ከዚያም በላይ ካውንቲ የሚባሉ ትልልቅ ካውንስሎች አሉ። የመንገዱ ጉድጓድ የካውንቲው ነው። ቆሻሻ የሚያነሳው ዲስትሪክቱ ነው። የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠውም ዲስትሪክቱ። አንዳንድ አካባቢ ሁለቱ ተዋህደው አንድ ካውንስል ሆነዋል፤ የእናንተን ከደብዳቤው ራስጌ ታገኚዋለሽ። በተሳሳተ በር አንኳኩተሽ ሦስት ወር ከመጠበቅ መጀመሪያ ጸሐፊዋን "ይህ የማን ነው?" ብለሽ ጠይቂ። ይቺ አንዲት መስመር ኢሜይል ብዙ ንዴት ታድንሻለች።

አሁን ስብሰባው። የመጀመሪያ ቀኔን ልንገርሽ። ኅዳር ውስጥ ነው፣ ማክሰኞ ማታ በፈረንጆቹ ሰዓት 7:30፣ ዝናብ። አዳራሹ ወለሉ ላይ የባድሚንተን መስመር ተሠርቶበታል። ማሞቂያው ግድግዳው ላይ ከፍ ብሎ ተሰቅሎ ቀይ ሆኖ ያጉረመርማል፤ አናትሽን ይጠብሰዋል፣ እግርሽ ግን በረዶ ነው። ሰባት ሰዎች ሁለት ጠረጴዛ ገጥመው ተቀምጠዋል። ተመልካች ሆነን የመጣን እኔና አንዲት አሮጊት ብቻ ነን። ከወንበሯ ስር ውሻዋ ተኝቷል። እኔ ሱፍ ለብሻለሁ። ሱፍ የለበስሁት እኔ ብቻ ነበርሁ።

ሃያ አምስት ደቂቃ ስለ ውሻ ኩስ ተወያዩ። አልቀልድም። የኩስ መጣያው ሳጥን ከድልድዩ ወዲህ ይሁን ወዲያ፣ ሌላ ይጨመር ወይስ አይጨመር። በሆዴ "እነዚህ ሰዎች ሥራ የላቸውም" አልሁ። በኋላ ነው የገባኝ፤ አንድ ሳጥን በተጨመረ ቁጥር ዲስትሪክቱ በየሳምንቱ ለማስወጣት ያስከፍላቸዋል፣ ያ ደግሞ ከእኔው 74 ፓውንድ ላይ ነው። ዘንድሮ እኔም በዚያው ጉዳይ አሥር ደቂቃ ተከራክሬያለሁ።

እንግዲህ ስህተቴ። መጀመሪያ ላይ ሰብሳቢው ሕዝቡ የሚናገረው ካለ ብሎ ጠየቀ። ዝም አልሁ። አፈርሁ መሰለኝ። ከዚያ የመብራት ጉዳይ ላይ ሲደርሱ እጄን አወጣሁ። "ይቅርታ፣ የሕዝቡ ጊዜ አልፏል" አለኝ። ትህትና ነበረው፣ ግን ፊቴ ጋለ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ቆዳዬ ነው ብዬ ነው ወደ ቤት የሄድሁት። ለባለቤቴም እንደዚያው ነገርኋት። በሚቀጥለው ወር አንድ ድምፁ እንደ መለከት የሚጮህ ነጭ ጡረተኛ መሃል ላይ ጥልቅ አለ። ያንኑ ቃል በቃል ነገሩት። ሰውዬው ኮቱን አንስቶ በሩን በርግዶ ወጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሕዝብ የሚናገርበት ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ላይ ነው፣ ለአንድ ሰው ሦስት ደቂቃ ገደማ። ከዚያ በኋላ አባላቱ ብቻ ይነጋገራሉ፤ አንቺ ትሰሚያለሽ። አጀንዳ ላይ ያልተጻፈ ነገር ላይ ደግሞ በሕግ መወሰን አይችሉም። አጀንዳው ቢያንስ ሦስት ሙሉ ቀን ቀድሞ ይለጠፋል፤ የማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ታገኚዋለሽ፣ አብዛኛውን ጊዜ አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ነው። ስለዚህ አሥር ቀን ቀድመሽ ለጸሐፊዋ ጻፊ፣ "ይህ አጀንዳ ላይ ይግባልኝ" በይ። እኔ መብራቱን በዚህ መንገድ ነው ያስጠገንሁት። ምሰሶው ላይ ቁጥር አለ፣ ቁጥሩን ጻፍሁ፣ ፎቶ አያያዝሁ። ለካስ ያ መብራት የካውንቲው ሳይሆን የራሳቸው የፓሪሹ ንብረት ኖሯል፣ እነሱም ረስተውታል። ሰባት ወር ፈጀ። ግን በራ።

ወደ ሜዳው እንምጣ፤ አንቺን የሚያስጨንቅሽ እሱ ነው። ፓሪሽ ካውንስሉ አይወስንም፣ አስተያየት ይሰጣል። ዲስትሪክቱ አስተያየታቸውን ማየት አለበት፣ መስማማት ግን የለበትም። አንቺም በግልሽ መጻፍ ትችያለሽ። ብዙውን ጊዜ 21 ቀን ነው የሚሰጡት፣ ወረቀቱ ላይ የመጨረሻው ቀን ተጽፏል። ጽሑፍሽ ከነስምሽ ድረ ገጻቸው ላይ ይወጣል፣ ስለዚህ ስትናደጂ አትጻፊ።

እኛም ጋ እንደዚሁ ከቤታችን ኋላ 19 ቤት ሊሠራ ነው ተባለ። ሁለት ገጽ ጻፍሁ። የምናየው ሜዳ ይጠፋል፣ የቤታችን ዋጋ ይወርዳል፣ ሰላም ፈልገን ነው የመጣነው አልሁ። አንጀት የሚበላ ጽሑፍ ነበር፣ እንባዬ ሊመጣ ምንም አልቀረውም። አንዱም አልተቆጠረም። የቤት ዋጋና ከመስኮትሽ የሚታየው ሜዳ በፕላኒንግ (የግንባታ ፈቃድ) ሕግ ሚዛን ላይ አይወጡም። የሚቆጠረው የትራፊክ አደጋ ነው፣ ጎርፍና የውሃ መውረጃ ነው፣ ሌላው ቤት ጓዳሽን ማየት መቻሉ ነው፣ ብርሃን መከለሉ፣ ዛፎቹ።

የውሻዋ አሮጊት ግን ግማሽ ገጽ ጻፈች። ከሜዳው ጥግ ያለው ቦይ በየክረምቱ ሞልቶ መንገዱን እንደሚያጥለቀልቅ፣ ከሦስት ክረምት ፎቶ ጋር፣ ቀኑ ተጽፎበት። ፈቃዱ ሲሰጥ ውሃው የሚጠራቀምበት ኩሬ መጀመሪያ ይቆፈር የሚል ግዴታ ገባበት። ቤቶቹ ተሠርተዋል። አሁን ቁርሴን ስበላ የማየው የሰው ጋራዥ ጀርባ ነው። መንገዱ ግን አይጥለቀለቅም።

ስለዚህ "አይሠራ" ብቻ አትበይ። "ከተሠራ ይህ ይደረግ" የሚለው ብዙ ጊዜ የበለጠ ያስኬዳል። ደግሞ ስብሰባው ላይ አንድ ነገር ጠይቂ። ዲስትሪክታችሁ ቤት ከሚገነቡት ሰዎች ሲአይኤል (CIL) የሚባለውን የግንባታ ክፍያ የሚሰበስብ ከሆነ፣ ከዚያ 15 በመቶው ለፓሪሹ ይመጣል፤ መንደሩ በሕዝበ ውሳኔ ያጸደቀው የራሱ የሰፈር ፕላን ካለው ደግሞ 25 በመቶ። እኛ ፕላን አልነበረንም። ለምን እንዳልነበረን ስጠይቅ ሁሉም ወደ ማሞቂያው አየ።

የመምረጥ ነገር። ስብሰባ ገብቶ ለመስማት ዜግነት አይጠይቁሽም፤ ለሕዝብ ክፍት ነው። ለመምረጥና ለመመረጥ ግን ኢትዮጵያ ኮመንዌልዝ ውስጥ ስለሌለች የእንግሊዝ ዜግነት ያስፈልግሻል። ኬንያዊ ጎረቤት ካለሽ እሱ በመኖሪያ ፈቃዱ ይመርጣል፣ አንቺ አትመርጪም። ይቆጫል፣ ግን ሕጉ ይኸው ነው። ዜግነቱ ካለሽና መራጮች መዝገብ ላይ ከገባሽ ደግሞ በዓመት አንዴ የመራጮች ጉባኤ አለ። ከመጋቢት (ማርች) መጀመሪያ እስከ ሰኔ (ጁን) መጀመሪያ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው የሚደረገው፣ በፈረንጆቹ ሰዓት ከምሽቱ 6 በፊት አይጀመርም። የካውንስሉ ሳይሆን የነዋሪው ስብሰባ ነው፤ እጅሽን አውጥተሽ ድምፅ ትሰጫለሽ። ስድስት መራጮች ከተስማማችሁም ራሳችሁ መጥራት ትችላላችሁ። በመንደር ስድስት ሰው ብዙ ነው፣ የልጆች ትምህርት ቤት በር ላይ ታገኚያቸዋለሽ።

"መጤ" ላልሽው። ዘረኝነት የለም አልልሽም። "ከየት ነህ? አይ፣ በእውነት ከየት?" ያለኝ አለ፤ ሁለት ጊዜ። ግን እዚያ መጤነት የቆዳ ነገር ብቻ አይደለም። ከካውንስሉ አባላት አንዱ እንግሊዛዊ ነው፣ የመጣው በ1987 ነው፣ እስከ ዛሬ "አዲሱ ሰውዬ" ይሉታል። መንደሩ ማንንም ቶሎ አይቀበልም። ከንግግር ይልቅ የሚያቀርብሽ ወንበር ማንሳት ነው። ስብሰባው ሲያልቅ ሁሉም ወንበር ይደራርባል፤ ቁምነገሩ የሚወራው ያኔ ነው። ማን ሜዳውን እንደሸጠ፣ ገበሬው ለምን እንደሸጠ፣ ማን ከማን ጋር እንደማይነጋገር። እኔ መንደሬን ያወቅሁት ወንበር ተሸክሜ ነው።

ጭቅጭቅ ከፈራሽ፣ የቼሻየሩን የሃንድፎርዝ ፓሪሽ ካውንስል ታስታውሺያለሽ? በኮሮና ጊዜ በዙም ተሰብስበው፣ ስብሰባውን ልታግዝ የመጣችውን ጃኪ ዊቨርን "ሥልጣን የለሽም" እያሉ ሲጮሁባት ሰብሳቢውን ከስብሰባው ያስወጣችው። ቪዲዮው በ2021 ዓለምን ዞረ። የእኛው በዓመት አንዴ ነው እንደዚያ የሚሆነው፣ ሌላውን ጊዜ እንቅልፍ ነው የሚያስቸግርሽ።

ለማንኛውም ነገ ልጆቹን ስታደርሺ ምሰሶው ላይ ያለውን ወረቀት ፎቶ አንሺው፤ የማመልከቻው ቁጥር እንዲታይ። በውስጥ ላኪልኝ፣ ጽሑፉን አብረን እናየዋለን። ወረቀቱ ከተለጠፈ ግን ስንት ቀን ሆነው?