ግራ አንጎል ወይስ ቀኝ አንጎል? ከጅማ የመጡ ጥያቄዎች

(ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፣ ከኮቼ። ስልኬ ላይ የሠራሁት ፈተና «የቀኝ አንጎል ሰው ነሽ፤ ከሒሳብ ይልቅ ለፈጠራ ትሆኛለሽ» አለኝ። ናቹራሉን ትቼ ሶሻል ልግባ?

በዚህ ምክንያትማ እንዳታደርጊው! በ2013 የዩታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ1,000 በላይ ሰዎችን የአንጎል ምስል አይተዋል። በጠቅላላው ወደ አንድ ጎን ያደላ ሰው አላገኙም። ውጤትሽንና የምትወጂውን አይተሽ ምረጪ።

አባቴን ስትሮክ ካገኛቸው ወዲህ ቀኝ እጅና እግራቸው አይታዘዝም። የምንላቸው ይገባቸዋል፤ መናገር ግን አቃታቸው። ለምን ሁለቱ አብረው መጡ? (ከመርካቶ)

ይማርልህ። ቀኝ አካልን የሚያዘው ግራው አንጎል ነው። በአብዛኛው ሰው ላይ ንግግርም እዚያው ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ብሮካ በ1861 ያየው በሽተኛ የሚባለውን እየተረዳ፣ ካፉ የሚወጣው ግን «ታን» ብቻ ነበር። ሲሞት አንጎሉ ሲታይ የተጎዳው በግራ ፊት ለፊት በኩል ነው።

ጆሯቸው ደህና ነውና አትጩኹባቸው። «ምን ላምጣ?» ከማለት «ሻይ ላምጣ?» በሏቸው፤ ራሳቸውን ነቅንቀው ይመልሳሉ። አንዳንዴ ሰላምታ ወይም ዱዓ ጥርት ብሎ ሊወጣቸው ይችላል። «ሲፈልጉማ ይናገራሉ» ብላችሁ እንዳትቀየሟቸው። አፍ የለመደው ንግግር ከጉዳቱ ሊተርፍ ይችላል። የንግግር ልምምድ እንዲጀምሩም ሐኪማቸውን ጠይቁ።

ለሌሎቻችሁም፦ ፊት ሲጣመም፣ አንድ እጅ ሲዝል፣ አንደበት ሲተሳሰር ወዲያው ሆስፒታል ነው። «ምች ነው» እየተባለ ጊዜ አይባክን።

ልጄ ግራኝ ነው። አያቱ እጁን ልሰር ይላሉ።

እማማን በትህትና እምቢ በያቸው። ከ10 ሰው አንዱ ገደማ ግራኝ ነው። በቀኝ መጉረስን ለባህሉ ብለሽ ቀስ አድርገሽ አስለምጂው፤ እስክሪብቶውን ግን ተዪለት።

አንጎሉ ለሁለት የተከፈለ ሰው አለ የሚባለው እውነት ነው?

አዎ። ከባድ የሚጥል በሽታን ለማስታገስ ሁለቱን ጎን የሚያገናኘው የነርቭ ድልድይ የተቆረጠላቸው ሰዎች አሉ። ሮጀር ስፔሪ እነሱን አጥንቶ በ1981 የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። ተማሪው ማይክል ጋዛኒጋ ደግሞ ከባልደረባው ጋር ለአንዱ በሽተኛ ግራ አንጎል የዶሮ እግር፣ ለቀኙ በረዶ የሸፈነው ግቢ አሳየ። ካየው ጋር የሚሄድ ስዕል ምረጥ ሲባል፣ ቀኝ አንጎል የሚያዘው ግራ እጁ የአካፋ ስዕል መረጠ። «ለምን?» ሲባል፣ ተናጋሪው ግራ አንጎል በረዶውን አላየምና «የዶሮ ቤት ለመጥረግ ነዋ» አለ። ዓይኑን ሳያሽ! እኔ ከዚህ ወዲህ ማንም «ያደረግኩት ለዚህ ነው» ሲለኝ ትንሽ እጠራጠራለሁ።

ባለቤቴ ሲቆጣ «ቀኝ አንጎሌ ነው» ይላል።

ሰበብ ነው።