ሙጫ ውስጥ የቀረች ጉንዳን እንጀራ ትሆናለች?

«አክስቴ ከዱባይ ባመጣችልኝ የአምበር ጨሌ ውስጥ አንዲት ትንሽ ነገር አለች። ጉንዳን ትሁን ሸረሪት አልገባኝም። ባዮሎጂ ሦስተኛ ዓመት ነኝ። እንዲህ ያሉትን መለየት ሥራ ሆኖ ያበላል ወይ?» ብለሽ ከባሕር ዳር ለጻፍሽልኝ እህቴ፣

በጨሌው እንጀምር። የላክሽው ፎቶ ብዥ ስላለ ስሟን አልነግርሽም። ራስሽ ቁጠሪ። ስድስት እግር ካላት፣ ሰውነቷም ራስ፣ ደረትና ሆድ ተብሎ ከተከፈለ ከነፍሳት ወገን ናት። ስምንት እግር ካላት፣ ራስና ደረቷ አንድ ከሆነ፣ አንቴናም ክንፍም ከሌላት ከሸረሪት ወገን ናት። የጉንዳን አንቴና እንደ ክርን ይታጠፋል፤ ቀጭን ወገቧ ላይም ትንሽ ጉብታ አለ። ብቻ አትቸኩይ። ጉንዳን የሚመስሉ ሸረሪቶች አሉ፤ የፊት እግራቸውን ወደ ላይ አንስተው አንቴና ያስመስሉታል።

ጨሌው ራሱ እውነተኛ መሆኑስ? አምበር ማለት በሚሊዮን ዓመታት የደነደነ የዛፍ ሙጫ ነው። የዕጣን ዛፍ ሲቆረጥ የሚፈሰውን አስቢ፤ ጉንዳን ያንን ስትረግጥ ተጣብቃ ቀረች። አምበር ጨው በጣም በበዛበት ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፤ ብዙው ፕላስቲክ ግን ይሰጥማል። ኮፓል የሚባለው ገና ያልበሰለ ሙጫም ስለሚንሳፈፍ፣ በማይታይ ጠርዝ ላይ አንድ ጠብታ አሴቶን (የጥፍር ቀለም የሚያስለቅቅ ፈሳሽ) አድርጊ። ከተጣበቀብሽ ኮፓል ነው።

በዚህ ሊቆችም ተሸውደዋል። ለንደን በሚገኘው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ውስጥ ከባልቲክ አምበር የተገኘች የምትባል ዝንብ ነበረች። ዊሊ ሄኒግ የተባለው የዝንብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1966 አይቷት ከዛሬዋ የሽንት ቤት ዝንብ ጋር አንድ ናት አለ። ከ30 ሚሊዮን ዓመት በላይ ምንም ሳትለወጥ! በ1993 የሙዚየሙ ባለሙያ አንድሪው ሮስ በማይክሮስኮፕ ሲመረምራት በመብራቱ ሙቀት ዙሪያዋ ተሰነጠቀ። ለካ አንዱ አምበሩን ለሁለት ከፍሎ፣ ቦርቡሮ፣ ዝንብ ጨምሮ መልሶ አጣብቆት ኖሯል። ሄኒግ ዝንቧን በትክክል ነው የለያት። የተሸወደው በአምበሩ ነው።

አሁን ወደ እንጀራው። ሀቁን ልንገርሽ፤ አምበር ብቻ እያየ ደመወዝ የሚበላ ሰው በዓለም ላይ ጥቂት ነው። «አምበር አጥኚ ይፈለጋል» የሚል ማስታወቂያ ጠብቀሽ ዕድሜሽን አትጨርሺ። እንዲህ ስል ግን ተይው ማለቴ አይደለም። በሌላ በር ግቢ ማለቴ ነው።

አገራችን የራሷ አምበር አላት፤ በሰሜን ምዕራቡ ደጋ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2010 ለዓለም ሲተዋወቅ ወደ 95 ሚሊዮን ዓመት ተገምቶ ነበር። በኋላ ውስጡ ያለው ሕይወት እንደገና ሲፈተሽ ዕድሜው ወደ 16 እስከ 23 ሚሊዮን ወረደ። ቀልድ አይደለም፤ ከ70 ሚሊዮን ዓመት በላይ ልዩነት ነው። በ2022 ደግሞ ከዚሁ አምበር የተገኘች አዲስ ጉንዳን ዴሲዮፖኔ ሄሬኦን ተብላ ተሰየመች። የስሟ መነሻ «ዴሲ» ሃምቡርግ ያለው የምርምር ማዕከል ነው፤ በዚያ ባለ ኃይለኛ ኤክስሬይ ነው የታየችው። መልኳ ዛሬ በስሪ ላንካ አንድ ዝርያ ብቻ የቀረውን የጉንዳን ወገን ይመስላል። አጥኚዎቹ ግን አካሏን ከዛሬዎቹ ጉንዳኖች ጋር አነጻጽረው የሌላ ወገን ሆና አገኟት።

እንግዲህ ይህን ሁሉ የሠራው ሕያው ጉንዳን ጠንቅቆ የሚያውቅ ዓይን ነው። ኤክስሬይ ምስል ይሰጣል እንጂ ስም አያወጣም። ስለዚህ የመመረቂያ ጽሑፍሽን በአንድ የነፍሳት ወገን ላይ ሥሪ። ግቢያችሁ ውስጥ ካሉት ጉንዳኖች ጀምሪ። ሰብስቢ፣ በመርፌ ወግተሽ አስቀምጪ፣ በእርሳስ ሣዪ። መሣል ዓይንን ያስገድዳል፤ ፎቶ ግን ያሰንፋል። በእኔ ግምት ሁለት ዓመት እንዲህ ከሠራሽ ብዙ ማስተርስ ያለው ሰው የማያየውን ታያለሽ።

ያ ዓይን ደመወዝም አለው። አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለችው የእስያ የወባ ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኝታለች። ከለመድናቸው ትንኞች የምትለየው በጥቃቅን ምልክት ስለሆነ፣ የሚለይ ሰው ባይኖር ዝም ብላ ትገባ ነበር። የተምች፣ የአንበጣና የሰብል ተባይ ሥራም እንዲሁ ነው። የጤናና የግብርና ምርምር ተቋማት በኢንቶሞሎጂ (በነፍሳት ጥናት) የሚቀጥሩት ለዚህ ነው። በዚህ እየበላሽ አምበሩን አጥኚ። ጂኦሎጂ ክፍል ሄደሽ አንድ ሁለት ኮርስ መውሰድም አይጎዳሽም።

የምያንማር አምበር በርካሽ ቢቀርብልሽ አትግዢ፤ የሚወጣው ጦርነት ካለበት ካቺን ግዛት ነው። የአገራችንንም ቢሆን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት አይቻልም።

ለፎቶው ግን ከፋርማሲ ግሊሰሪን ግዢ። ጨሌውን ትንሽ ብርጭቆ ውስጥ አስገብተሽ ግሊሰሪኑን አፍስሺበት፤ የጨሌው ጭረት ይጠፋል። ብርሃኑን ከጎን አድርገሽ ከላይ አንሺ። መጀመሪያ እግሯን ቁጠሪና ስንት እንደሆነ ከፎቶው ጋር ጻፊልኝ።