ጽንሱ ውሃ ቋጥሯል ለተባለች እህትሽ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። እህትሽ 32ኛ ሳምንቷ ላይ ናት። አልትራሳውንድ ላይ በልጁ ሆድና በሳንባው ዙሪያ ውሃ ታይቶ ሃይድሮፕስ ነው ተባለ። ጎረቤት ደግሞ "ሾተላይ ነው፣ ጸበል ውሰዷት" ይላል። ለልጁ ምን እንደሚደረግ ነው የጠየቅሽው። እኔ በዚህ ያለፍኩ ነኝና ስለ እናትየዋ ልንገርሽ። እሷን የሚያይ ሰው ይጠፋል።

መጀመሪያ ሾተላዩ፣ ማለትም የእናትና የልጅ ደም አለመጣጣም። ሊሆንም ላይሆንም ይችላል። የእህትሽ ደም ኔጌቲቭ ከሆነ ደሟ የልጁን ደም የሚያጠቃ ነገር ሠርቶ እንደሆነ የሚያሳየው፣ ኢንዳይሬክት ኩምብስ የሚባለው የደም ምርመራ መሠራቱን አረጋግጡ። ልጁ ደም ካነሰው በሆድ ውስጥ እንዳለ በእትብቱ ደም የሚሰጥበት ሕክምና አለ። የሾተላይ መርፌ በሰፊው በሚሰጥባቸው አገሮች ግን አብዛኛው ሃይድሮፕስ ከደም አይነት ጋር አይገናኝም። የእኔ ደም ፖዘቲቭ ነው፤ ችግሩ የልጁ ልብ ላይ ነበር። ኢንፌክሽንም ያመጣዋል። ቂጥኝ አንዱ ነው፤ ሳታፍሩ ድጋሚ አስመርምሩ፣ በፔኒሲሊን ይታከማል። የልጁ ልብ ከልክ በላይ በፍጥነት እየመታ ከሆነም እናትየዋ በምትወስደው መድኃኒት ሊስተካከል ይችላል። ስለዚህ "ምክንያቱ ምንድን ነው?" ብላችሁ አጥብቃችሁ ጠይቁ።

ጸበሉን ትጠመቅ፣ ማን ይከለክላታል። ከሆስፒታል ርቃ ሄዳ ማደር ግን አሁን አይሆንም።

ምክንያቱም ልጁ ውሃ ሲቋጥር እናትም አብራ የምታብጥበት፣ ሚረር ሲንድረም የሚባል ነገር አለ። ባላንታይን የተባለ ስኮትላንዳዊ ሐኪም በ1892 እ.ኤ.አ. ነው የገለጸው። ሁሉንም እናት አይዝም፤ እኔን ግን ያዘኝ። እግሬ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም። ፊቴና እጄ አበጠ፣ ቀለበቴ በሳሙናም አልወጣ አለ። "ወንድ ስለሆነ ነው" ይሉኛል ሰዎች። በኋላ ጋደም ስል ትንፋሽ ያጥረኝ ጀመር፤ ለካ ውሃው ሳንባዬ ገብቷል። መጀመሪያ ያየኝ ክሊኒክ ደም ማነስ ነው ብሎ የብረት ኪኒን ሰጥቶ ሸኝቶኛል። በዚህ በሽታ የእናት ደም በውሃ ይቀጥናል፣ ሄማቶክሪቷ (በደሟ ውስጥ ያለው የቀይ ሴል ድርሻ) ይወርዳል። በተለመደው የእርግዝና ግፊት ደግሞ ደሙ ብዙ ጊዜ ይወፍራል። ሁለቱ ይመሳሰላሉ፤ የደም ግፊትም ሽንት ውስጥ ፕሮቲንም በሁለቱም ሊታይ ይችላል። ሐኪሟን "ሚረር ሊሆን ይችላል ወይ?" ብላችሁ በቀጥታ ጠይቁት፤ አይቀየማችሁም።

እቤት ካለች በየቀኑ ጠዋት በአንድ ሚዛን ትመዘን። ግፊቷ ይለካ፣ ሽንቷ ይታይ። ኪሎዋ በአንዴ ከጨመረ፣ ትንፋሽ ካጠራት፣ ራሷን አጥብቆ ካመማት፣ ዓይኗ ከጋረዳት፣ ከጎድኗ ሥር ካመማት ወይም ሽንቷ ከቀነሰ ሌሊትም ቢሆን ይዛችኋት ሂዱ። እብጠቱን ለመቀነስ ብላችሁ ላዚክስ የሚባለውን የሚያሸና መድኃኒት ከፋርማሲ ገዝታችሁ እንዳትሰጧት፣ አደራ። የእንሽርት ውሃዋም ሊበዛ ይችላል፤ ሆዷ ከተወጠረ ምጥ ያለ ጊዜው ሊመጣ ይችላል።

ለሚረር ሲንድረም መፍትሔው የልጁ ችግር መታከሙ ወይም መውለድ ነው። እሷ ከባሰባት ልጁ ገና ቢሆንም ለማዋለድ ሊወሰን ይችላል። ይሄን ንግግር ሁሉም በተረጋጋበት ሰዓት ከሐኪሙ ጋር አድርጉት፣ ባሏም ይኑር። እኛ ኮሪደር ላይ ቆመን ነው የወሰንነው፤ ለማንም አልመኝም። የምትወልድበት ቦታ ደም ባንክና የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ያለው ይሁን። አዲስ አበባ ከሆናችሁ ጳውሎስ ሆስፒታል የእናትና የጽንስ ስፔሻሊስቶች አሉ፤ ሪፈር አጽፉ። የተወጠረ ማህፀን ከወሊድ በኋላ ቶሎ ላይኮማተር ይችላል፣ ያኔ ደም ይፈሳታል። ደም የሚሰጥ ዘመድ ከአሁኑ ይዘጋጅ። ኦፕራሲዮን ሁልጊዜ ይሻላል ማለትም አይደለም፤ እንደ ሁኔታዋ ነው።

ከወለደች በኋላ እብጠቱ ብዙ ጊዜ በቀናት ውስጥ ይጎድላል። ግፊቱ ግን ከወሊድ በኋላም ሊጨምር ስለሚችል ቶሎ ልውጣ ብትል አትስሟት።

የእኔ ልጅ አልቆየልኝም። የእናንተ ምክንያት ሌላ ሊሆን ስለሚችል በእኔ አትለኩት። ይሄን የማነሳው ወተቱ እንደሚመጣ ማንም ስላልነገረኝ ነው። ክፉው ከመጣ ልከኛ ጡት መያዣ፣ ቀዝቃዛ ጨርቅና ፓራሲታሞል ይረዳል። የወተት ማድረቂያ ኪኒን አለ፤ ግፊት ላለባት ግን አደገኛ ስለሆነ ያለ ሐኪም አይሆንም። የልጁንም ልብስ ሳትጠይቋት እንዳትሰበስቡት። የእኔን እናቴ "እንዳታይው" ብላ ሰጥታው ነበር፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

ከእንግዴ ልጁና ከእትብቱ ናሙና እንዲወሰድ ከመውለዷ በፊት ጠይቁ፤ ለሚቀጥለው እርግዝና መልስ ከዚያ ሊገኝ ይችላል። ደሟ ኔጌቲቭ ሆኖ ኩምብሱ ነጻ ከሆነ፣ የልጁ ደም ደግሞ ፖዘቲቭ ከሆነ፣ የሾተላይ መርፌውን ከወለደች በ72 ሰዓት ውስጥ ማግኘት አለባት። ውድ ነው፣ ሁሉም ፋርማሲ አይገኝም፤ ከአሁኑ አፈላልጉ።

የደም አይነቷንና የሄማቶክሪቷን ውጤት ስታገኙ እዚሁ ጻፊልኝ።