ጃምፕ ድራይቭ ዘሎ ለመምታት አይሆንም

ወንድሜ፣ «ስቴላሪስ በሚባለው የጠፈር ስትራቴጂ ጨዋታ ላይ ጃምፕ ድራይቭ (መርከቦችን በአንዴ ወደ ሩቅ ኮከብ የሚያዘልል ሞተር) ገጥሜ ጠላት ዋና ከተማ ዘልዬ ገባሁ፤ ፍሊቴ ከሱ ይበልጥ ነበር፣ እንዴት ተበላሁ?» ብለሃል። ጦርህ አንሶ አይደለም። ፍሊት (አብረው የሚሄዱ የጦር መርከቦች) ከዘለለ በኋላ ለ200 ቀን መሣሪያው የሚያደርሰው ጉዳትም በሲስተም (በአንድ ኮከብ ዙሪያ ባለ ክልል) ውስጥ ያለው ፍጥነቱም በ50 በመቶ ይቀንሳል። ጠላትን ለመጨረስ እጥፍ ጊዜ ፈጀብህ፤ እሱ ያን ሁሉ ጊዜ በሙሉ ኃይሉ ሲተኩስ ነበር። ፍጥነትህ ስለሞተም አጭር ርቀት የሚመቱ መሣሪያዎችህ እስኪደርሱ ድረስ ከሩቅ ለቀመህ። «ዋና ከተማው ላይ ዝለልበት» የሚሉ መካሪዎች ያናድዱኛል፤ የሰው ስንት ሰዓት ጨዋታ አበላሽተዋል።

1. ጃምፕ ድራይቭ የሚገባው በሃይፐርድራይቩ (በመደበኛው የጉዞ ሞተር) ቦታ ነው። ዲዛይኑን ካስቀመጥክ በኋላ ፍሊቱን መርከብ መሥሪያ ያለው ስታርቤዝ (የጠፈር ጣቢያ) ወስደህ አሻሽል። አንዲት ኮርቬት (ትንሽ የጦር መርከብ) በአሮጌው ሞተር ከቀረች ፍሊቱ በሙሉ አይዘልም።

2. ለምን እንደምትዘል እወቅ። በ2018 ከወጣው የጨዋታው 2.0 ስሪት ወዲህ ሁሉም የሚጓዘው በሃይፐርሌን (ሲስተሞችን በሚያገናኝ መስመር) ነው፤ ያለ መስመር በቀጥታ የሚወስደው ዋርፕና በራስ ጣቢያ የሚከፈተው ዎርምሆል (አቋራጭ ቀዳዳ) ከመነሻ ምርጫ ወጥተዋል። ደግ አደረጉ፤ በፊት ድንበር ላይ ምሽግ መሥራት ከንቱ ድካም ነበር፣ ዋርፕ ያለው በጎን አልፎ ይገባል። አሁን ጠላትህ ማነቂያው (ሳታልፍበት የማትገባበት ሲስተም) ላይ ትልቅ ስታርቤዝ ተክሎ ኢንሂቢተር ያክልበታል። ኢንሂቢተር መግባት አይከለክልህም፤ ስታርቤዙንና ምሽግ ያለባትን ፕላኔት እስክትይዝ ድረስ ግን በመጣህበት መስመር ብቻ ነው የምትወጣው። ጃምፕ ድራይቭ የሚጠቅመው ያን ሲስተም ሳትረግጥ ከኋላው ለማረፍ ነው።

3. ማረፊያህ ከኢላማህ ሁለት ሦስት ሃይፐርሌን የራቀ፣ ቢቻል ባለቤት የሌለው ሲስተም ይሁን። እንዳረፍክ ፍሊቱን ፓሲቭ (ራሱ ውጊያ የማይጀምር) አድርገውና ቀን ቁጠር። የጨዋታው ወር 30 ቀን ስለሆነ 200 ቀን ማለት 6 ወር ከ20 ቀን ነው፤ በ2310.01.01 ከዘለልክ ነፃ የምትሆነው 2310.07.21 ላይ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ አራት ወር ይታገሥና ኢላማው ባዶ ሲመስለው ይንቀሳቀሳል። ያን ጊዜም ጉዳቱ ያው ግማሽ ነው፣ ቅጣቱ ቀስ በቀስ አይቀንስም።

ቀኑ ሳይሞላ የጠላት ዋና ፍሊት ከመጣ እንደገና መዝለል አትችልም፤ በሃይፐርሌን ግን መሄድ ትችላለህ። ስለዚህ ጠላት ያለህበት ሲስተም ሳይደርስ በፊት በሌላው መስመር ውጣ። ውጊያው ከተጀመረ የሚቀርህ የአደጋ ጊዜ ማምለጫው ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ መርከብ ሊያስጠፋህ ይችላል፣ የተረፉትም ወደ ቤታቸው እስኪመለሱ ከጦርነቱ ውጭ ናቸው።

የምትከላከለው የራስህን መሬት ከሆነ መዝለሉን ተወው፤ ጌትዌይ (የጠፈር በር) ሥራ። ከአንዱ ወደ ሌላው ወዲያው ያደርስሃል፣ ቅጣትም የለበትም።

ሁለተኛ ፍሊት ካለህ ማነቂያው ፊት አቁመው። በ07.21 እሱ ከፊት ሲመታ፣ ከኋላ ያለው ወደ ዋና ከተማው ይነሣ።