ቆጣሪው 88 ሺህ፣ መዝገቡ 171 ሺህ፦ ስለ አንዲት ታውን ካር

ጥያቄ፦ የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ከአምስት ወር በፊት እዚሁ ቨርጂኒያ ካለ አነስተኛ ዲለር የ2011 ሊንከን ታውን ካር በ7,400 ዶላር ገዛሁ። ቆጣሪው 88 ሺህ ማይል ይል ነበር። ታይትሉ (የባለቤትነት ሰነዱ) ላይም ይኸው ተጽፎ ፈረምን። ሰሞኑን ትራንስሚሽኗ መንገጭገጭ ስለጀመረ ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ የሾፌሩን በር ከፍቶ ከውስጥ የተለጠፈች ያረጀች የዘይት ቅያሬ ወረቀት አሳየኝ። 164 ሺህ ትላለች። የመኪናዋን ታሪክ ከፍዬ ሳወጣ ደግሞ ከሦስት ዓመት በፊት 171 ሺህ ተመዝግቧል። ዲለሩ ግን «አዝ ኢዝ (ባለበት ሁኔታ) ፈርመሃል፤ ደግሞ መኪናው ከ10 ዓመት በላይ ስለሆነ የማይል ሕግ አይመለከተውም» አለኝ። ይቺን መኪና የገዛሁት በፍቅር ነው። ኤርፖርት እየሠራሁ ልጆቼን ያሳደግኩት በዚህ ዓይነቷ ነው። መብት አለኝ ወይስ ሸጬ ልገላገል? መለዋወጫ የማቅረብ ግዴታስ ፋብሪካው የለበትም?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቁርጡን ላስቀድም። መብት አለዎት። ዲለሩ የነገርዎት ሁለቱም ነገር ውሃ አያነሳም። መሸጡን ግን ለጊዜው ይተዉት። ለምን እንዳልኩ ወደ መጨረሻው እመጣበታለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ይህ የ10 ዓመት ነገር ከየት እንደመጣ እንይ። የፌዴራሉ ሕግ መኪና ከእጅ ወደ እጅ ሲዛወር ሻጩ ማይሉን በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። ለረጅም ጊዜ 10 ዓመት የሞላው መኪና ከዚህ ግዴታ ነፃ ነበር። ዲለሩ የያዘው ይህንን ነው። ነገር ግን ከጃንዋሪ 1 ቀን 2021 ወዲህ ደንቡ ተቀይሯል። የ2011 ሞዴልና ከዚያ ወዲህ ያለ መኪና ነፃ የሚሆነው 20 ዓመት ሲሞላው ነው። በአሮጌው ደንብ የቀረው የ2010 ሞዴልና ከዚያ በፊት ያለው ነው።

አሁን የእርስዎን መኪና ልብ ይበሉ። የመጨረሻዋ ታውን ካር ካናዳ፣ ኦንታሪዮ ውስጥ ሴንት ቶማስ ከነበረው የፎርድ ፋብሪካ የወጣችው በኦገስት 2011 ነው። ከዚያ በኋላ አልተሠራችም። አዲሱ ደንብ የሚጀምረው ደግሞ ከ2011 ሞዴል ነው። ከታውን ካር ዘር ሁሉ ይህ ደንብ የሚደርስላት አንዲት ሞዴል ብቻ ናት፣ እርስዎ እጅ የገባችው። 2031 እስኪገባ ድረስ የሚሸጣት ሁሉ ማይሏን በሐቅ መጻፍ አለበት።

ስለዚህ ዛሬውኑ አንድ ነገር ያድርጉ። በሾፌሩ በኩል ከፊት መስታወቱ ሥር ባለ 17 አሃዙን የመኪናዋን መለያ ቁጥር ያንብቡ። ከግራ ቆጥረው 10ኛው ላይ የእንግሊዝኛው «ቢ» ካለ 2011 ሞዴል ናት። «ኤ» ከሆነ ግን 2010 ነች፣ ጉዳዩም መልኩን ይቀይራል። ያኔም ቢሆን እጅዎን አጣጥፈው አይቀመጡም። ቆጣሪን ወደ ኋላ መመለስ በየትኛውም ዕድሜ ላለ መኪና ወንጀል ነው። እስከ ሦስት ዓመት እስራት ያስቀጣል። የሚያጡት በጽሑፍ ካለማሳወቅ የሚመጣውን ክስ ብቻ ነው።

«አዝ ኢዝ» የሚለውን ደግሞ ብዙ ወገኖቻችን እንደ ቃል ኪዳን ነው የሚፈሩት። ሰው መጥቶ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀምጥና «ፈርሜ ነበርኮ» ብሎ አንገቱን ይደፋል። ያ ፊርማ የሚለው አንድ ነገር ነው። መኪናው ነገ ቢበላሽ ዲለሩ አይጠግንልዎትም። ስለዚህ ትራንስሚሽኗ በራሱ ጊዜ የተበላሸ ቢሆን ኖሮ ቨርጂኒያ ውስጥ ብዙም ባልተከራከርኩልዎት። ወንዙን ተሻግረው ዲሲ ወይም ሜሪላንድ ቢገዙ ሕጉ ለገዢ ያደላ ነበር። ሜሪላንድ ግን እንደ እርስዎ መኪና ከ6 ዓመትና ከ60 ሺህ ማይል ለዘለለ መኪና አዝ ኢዝ ሽያጭን ትፈቅዳለች። ውሸትን ግን አዝ ኢዝ አይሸፍንም። ማይሉ ውሸት ከሆነ የፈረሙት ወረቀት ዲለሩን አያድነውም።

አንድ ነገር ግን ወረቀቶችዎ ውስጥ ይፈልጉ። ዲለሩ ራሱ፣ በዕለቱ ወይም በ90 ቀን ውስጥ፣ ሰርቪስ ኮንትራት (ቢበላሽ እጠግናለሁ የሚል ውል) የገባልዎት ከሆነ በፌዴራል ሕግ አዝ ኢዝ ብሎ ማምለጥ አይችልም። ኮንትራቱን የሰጠው ሌላ ኩባንያ ከሆነ ግን ነገሩ ያከራክራል። ወረቀቱን ሳላይ አልፈርድም።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። ሊያታልልዎት አስቦ ማይሉን አዛብቶ የጻፈ ሻጭ የጉዳትዎን ሦስት እጥፍ ወይም 10,000 ዶላር ይከፍላል፤ ከሁለቱ የበለጠውን። የጠበቃ ወጪዎም በእሱ ላይ ነው። በምሳሌ ላስረዳዎት። መኪናዋ በእውነተኛው ማይሏ 3,500 ዶላር ብቻ የምታወጣ ከሆነ የተጎዱት 3,900 ነው። በሦስት ሲባዛ 11,700 ይሆናል። ልዩነቱ 2,000 ብቻ ቢሆን ሦስት እጥፉ 6,000 ነው፣ የሚያገኙት ግን 10,000 ይሆናል። ለዚህ ነው «በአንድ ያረጀ መኪና ማን ይከራከራል» ሲሉኝ ውስጤን የሚያመኝ። ሕጉ የተጻፈው ልክ ለእርስዎ ዓይነቱ ሰው ነው። ከዚህ ሌላ የቨርጂኒያ የሸማቾች ጥበቃ ሕግም አለ፤ አብሮ ይከሰሳል።

ከባዱ ክፍል «አስቦ» የሚለው ቃል ነው። ዲለሩ «እኔም ከጨረታ ነው የገዛሁት፣ አላወቅኩም» ማለቱ አይቀርም። እውነቱንም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ዓይኑን ጨፍኖ የሸጠን ነጋዴ ፍርድ ቤቶች አያዝኑለትም። መኪና መሸጥ ሥራው የሆነ ሰው፣ እርስዎ በጥቂት ዶላር ያወጡትን ታሪክ ሳያይ ገዛሁ ማለቱ ያስኬደዋል? የፍሬኑ ፔዳል ላስቲክ ተበልቶ ብረቱ ከታየ፣ የሾፌሩ ወንበር የግራ ጠርዝ ቆዳው ከተሰነጠቀ፣ 88 ሺህ ማይል እንዲህ አያደርግም። እርስዎ ኤርፖርት ስለሠሩ ይህንን ከእኔ የበለጠ ያውቁታል። ደግሞም ዲለር የማይል ሰነዶቹን ለአምስት ዓመት የማስቀመጥ ግዴታ አለበት። እሱ ሲገዛት የተጻፈውን ቁጥር በክስ እናስወጣዋለን። ያታለለው ከእሱ በፊት የነበረው ሻጭ ሆኖ ከተገኘም፣ ከዚያ ሰው ጋር ውል ባይኖርዎትም መክሰስ ይቻላል።

ሌላም መከራከሪያ ያመጣ ይሆናል፦ «ዳሽቦርዱ ተቀይሮ ነው»። ሕጉ ለዚህም መልስ አለው። ቆጣሪ ተበላሽቶ ሲቀየር የድሮው ማይል መቀጠል አለበት። ካልተቻለ ከዜሮ ይጀምርና፣ የድሮው ማይልና የተቀየረበት ቀን በጽሑፍ በግራ በኩል በር ፍሬም ላይ ይለጠፋል። ያቺ የዘይት ወረቀት የተገኘችበትን አካባቢ እንደገና በደንብ ይዩት። እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ከሌለ ሰበቡ አይሠራም።

ያቺን ወረቀት ግን አይላጧት። እዚያው እንዳለች ፎቶ ያንሷት፣ በሩም ቁጥሯም አብረው እንዲታዩ። ቆጣሪውንም መኪናዋን አስነስተው ያንሱ። መካኒኩ ያየውን በደረሰኙ ላይ እንዲጽፍልዎት ይለምኑት፤ ቀኑና የዛሬው ማይል ይግባበት። ዲለሩ የላከልዎት ቴክስት ካለ እንዳይጠፋ። ካሁን በኋላ በስልክ አያናግሩት፣ በጽሑፍ ይሁን። «ግማሹን ልመልስልህና እንታረቅ» ብሎ ወረቀት ካቀረበ ሳያሳዩኝ እንዳይፈርሙ። የሽያጭ ውሉንም አብረው ይላኩልኝ። ብዙዎቹ ፍርድ ቤት እንዳይኬድ የሽምግልና አንቀጽ ከጀርባቸው ስላለ ቀድሜ ማየት አለብኝ።

ጊዜው ሁለት ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ የፌዴራሉ ክስ ይዘጋል። ዲለሩን የሚቆጣጠረው የቨርጂኒያ የሞተር ተሽከርካሪ ዲለሮች ቦርድ ሪችመንድ ነው። አቤቱታ እዚያ ማስገባት ነፃ ነው፣ ክሱንም አይተካም። ፍርድ አሸንፈው ዲለሩ ዘግቶ ቢጠፋ እንኳ በማጭበርበር ለተጎዱ ገዢዎች የሚከፍል የማካካሻ ፈንድ በክልሉ አለ።

የመለዋወጫውን በአጭሩ ልመልስ። «ፋብሪካ ሞዴል ካቆመ በኋላ 10 ዓመት ዕቃ ማቅረብ አለበት» የሚባለውን እኔም እሰማለሁ። እንዲህ የሚያስገድድ አጠቃላይ የፌዴራል ሕግ የለም። ነገር ግን አይስጉ። ታውን ካር ከፖሊሶቹ ክራውን ቪክቶሪያና ከሜርኩሪ ግራንድ ማርኪ ጋር አንድ ሻሲ፣ አንድ ዓይነት ባለ 4.6 ሊትር ቪ8 ሞተር ነው ያላት። ከእነሱ የተፈታ ዕቃ ለእርስዎም ይሆናል። ይልቅ መለያ ቁጥሯን በፌዴራሉ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ያስገቡ። በ2013 ፎርድ በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ ጨው በሚረጭባቸው ክልሎች የነበሩ ከ2005 እስከ 2011 ያሉ መኪኖችን መሪው ዘንግ ላይ በሚደርስ ዝገት ምክንያት ለጥገና ጠርቶ ነበር፣ ታውን ካርም ነበረችበት። መኪናዋ ከሜሪላንድ ወይም ከሰሜን የመጣች ከሆነ ይመለከታታል። ጥገናው ካልተደረገላት በነፃ ነው። የመሪ ጉዳይ ስለሆነ ቤተሰብዎን ጭነው ረጅም መንገድ ከመውጣትዎ በፊት ይዩት።

አሁን ወደ መሸጡ። ይህንን የሚነግርዎት ሰው ስለማይኖር አጥብቄ እጽፋለሁ። ዛሬ እውነቱን ያውቃሉ። ነገ መኪናዋን ሲሸጡ ታይትሉ ላይ 88 ሺህ ብለው እንደ እውነተኛ ማይል ከፈረሙ፣ ዲለሩ በእርስዎ ላይ የሠራውን እርስዎ በሌላ ሰው ላይ ሠሩት ማለት ነው። ያው 10,000 ዶላር ወደ እርስዎ ይዞራል። የሚሸጧት ከሆነ «ቆጣሪው እውነተኛውን ማይል አያሳይም» የሚለውን ምርጫ ምልክት አድርገው ነው። ዋጋዋ ይወድቃል፤ ያ የወደቀው ዋጋም ጉዳትዎ ላይ ይቆጠራል። ክሱ እስኪያልቅ ግን እጅዎ ላይ ብትቆይ ይሻላል፣ ዋናዋ ማስረጃ እሷው ናትና።

ትራንስሚሽኗን ማሠራት ይችላሉ። የሚወጣውን ዕቃ ግን መካኒኩ እንዳይጥለው ይንገሩት፣ ደረሰኙንም ያኑሩ።