«አቶ»፣ «ወ/ሮ»፣ «ዶ/ር» የቪዛ ፎርም ላይ ይጻፋሉ ወይ? ጥያቄና መልስ

የአሜሪካ ቪዛ ፎርም የሚሞሉ ሰዎች ስለ ማዕረግ ደጋግመው ይጠይቁኛል። ጠበቃ አይደለሁም፤ ለዘመድ ለወዳጅ ፎርም ስሞላ የኖርኩ ሰው ነኝ። የማውቀውን እነሆ።

ዲኤስ-160 (ለጊዜያዊ ጉዞ የሚሞላው የቪዛ ፎርም) ላይ ስሜን ስጽፍ «ሚስተር» ብዬ ልጀምር?

አትጀምር። ፓስፖርትህ ላይ ያለውን ብቻ ጻፍ። ወንድ ሁን ሴት፣ አግባ አታግባ፣ ፎርሙ ራሱ ሌላ ቦታ ላይ ይጠይቅሃል።

የእናቴን ስም ከልደት ሰርተፍኬቴ ትርጉም ላይ ገለበጥኩ። «ወ/ሮ» የሚለውም በእንግሊዝኛ ፊደል አብሮ አለ። ልተወው?

አውጪው እህቴ። ከሁሉም በላይ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ተርጓሚው ሰነዱ ላይ ያለውን እንዳለ ማስፈሩ ጥፋት አይደለም። የስም ሳጥን ውስጥ ሲገባ ግን ኮምፒውተሩ ማዕረግ መሆኑን በምን ይወቅ? የእናትሽ ስም «ወሮ አልማዝ» ሆኖ ቁጭ ይላል። ዛሬ ማንም ልብ ላይለው ይችላል። ነገ ዜግነት አግኝተሽ በአይ-130 (ቤተሰብ ለማምጣት በሚሞላው ማመልከቻ) እናትሽን ላምጣ ስትዪ ግን፣ የእሷ ፓስፖርት አልማዝ ይላል፣ የአንቺ የድሮ ፎርም ሌላ ይላል። ከዚያ በኋላ አስረጂ ማለት ነው። የአባትሽንም ስም እይው፤ «አቶ»ም ብዙ ጊዜ በዚሁ መንገድ ሾልኮ ይገባል።

የሕክምና ዶክተር ነኝ። «ዶ/ር» ብል ቆንስሉ በሌላ ዓይን አያየኝም?

ዶክተር፣ ክብርዎ እንደተጠበቀ ነው! ግን ቦታው የሥራና የትምህርት ገጹ ላይ ነው፤ እዚያ በደንብ ይጻፉት። የስም ሳጥኑ ከፓስፖርቱ ጋር የሚመሳከር ነው። ፓስፖርትዎን ይክፈቱና ፎቶው ካለበት ገጽ ግርጌ ያሉትን፣ ማሽን የሚያነባቸውን ሁለት መስመሮች ይዩ። እያንዳንዳቸው 44 ቦታ አላቸው፤ ከላይኛው ውስጥ ለስም የተተወው 39 ብቻ ነው። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ሰነድ 9303 ማዕረግና የትምህርት ደረጃ እነዚህ መስመሮች ውስጥ እንዳይገቡ ይላል። ፓስፖርቱን ያወጣው አገር በሕግ የስሙ አካል ነው ካላለ በቀር ማለት ነው። ጀርመኖች የዶክትሬት ዲግሪን ፓስፖርት ላይ ያሰፍራሉ፣ እንግሊዞችም ማዕረግን በማስታወሻ ገጽ ላይ ይጽፋሉ። እኛን ግን አይመለከተንም።

አባቴን አገር የሚያውቃቸው ሐጂ ብሎ ነው። አጎቴ ደግሞ መነኩሴ ናቸው፤ ሲመነኩሱ ስማቸው ተቀይሯል።

ሁለቱ ለየቅል ናቸው። አባትህ መካ ደርሰው መጥተው ሐጂ ከተባሉ ማዕረግ ነውና ይቀራል። ፓስፖርታቸው ላይ ስማቸው ራሱ ሐጂ ተብሎ ከተጻፈ ግን ስም ነው፤ ይጻፋል። አጎትህ ጋ «አባ» ይቀራል፣ የምንኩስና ስማቸው ግን መደበቅ የለበትም። ዲኤስ-160 ሌላ ስም ተጠቅመው ያውቃሉ ወይ ብሎ ሲጠይቅ የሃይማኖት ስምን በግልጽ ይጠቅሳል። «አዎ» ብለው እዚያ ያስገቡት። የቤተ ክርስቲያን ደብዳቤያቸው በዚያ ስም ከሆነማ የግድ ነው።

«ገብረ» እና «ወልደ»ስ?

እነሱ ማዕረግ አይደሉም፣ የስሙ አካል ናቸው። ፓስፖርቱ ገጥሞ ከጻፈ ግጠም፣ ነጥሎ ከጻፈ ነጥል።

ባለቤቴ የግብዣ ደብዳቤው ላይ «ሚስስ» ብሎ በራሱ አባት ስም ጠርቶኛል። ፈረንጆቹ ቢሮ ውስጥ እንደዚያ በል ብለውት ነው።

ያስተካክለው። ፓስፖርትሽ በአባትሽ ስም ነው፤ ደብዳቤው የማታውቂያትን ሴት እየጋበዘ ነው። ስምሽን እንደ ፓስፖርቱ ይጻፍና «ባለቤቴ» ይበል፣ አለቀ።

የአውሮፕላን ቲኬቴ ላይ ስሜ መጨረሻ ላይ ኤም አር ኤስ የሚሉ ፊደላት ተለጥፈዋል። ልመልሰው?

ተረጋጊ። የቲኬት ሲስተሙ «ሚስስ»ን ከስም ጋር አጣብቆ ነው የሚያትመው። የቀረው ፊደል ከፓስፖርትሽ ጋር ይግጠም እንጂ ችግር የለውም። ቲኬቱን አይቶ ቪዛ ፎርሙ ላይም እንዲሁ የሚሞላ ግን አይጠፋም። እንዳታደርጊው።

«አቶ»ን አስገብቼ ሰብሚት ብያለሁ። አበቃልኝ?

አላበቃልህም። ዲኤስ-160 ከሆነ የተላከው አይታረምም፤ አዲስ ሞልተህ ትልካለህ። አዲሱን የማረጋገጫ ቁጥር ቀጠሮህ ላይ ማስተካከል እንዳትረሳ፣ ብዙ ሰው የሚጉላላው በዚህ ነው። ዲኤስ-260 (ለመኖር የሚሄዱ ሰዎች የሚሞሉት ፎርም) ከሆነ እንዲከፍቱልህ መጠየቅ አለብህ። ጉዳይህ ብሔራዊ ቪዛ ማዕከል (ኤምባሲ ከመድረሱ በፊት ጉዳዩን የሚያዘጋጀው የአሜሪካ ቢሮ) ካለ ለእነሱ፣ ዲቪ ከሆነ ኬንታኪ ላለው የዲቪ ቢሮ፣ ኤምባሲ ከደረሰ ደግሞ ለኤምባሲው ጻፍ። ቪዛው ታትሞ ከመጣም ከደስታው በፊት ስምህን ፊደል በፊደል እየው። ስህተት ካገኘህበት ሳትሳፈር ለኤምባሲው አሳውቅ።